«እሺ» ያለችው ሴት

ይህን ጽሑፍ ለማውጣት ከወትሮው ዘግይተናል፤ ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው፡፡ ከመካከላችን አንዷ «ስለ ቤተ እስራኤል ሴቶችና ስለ ሦስት ወሩ መርፌ እንጻፍ» ስትል ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ፡፡ ግማሾቻችን «እስራኤል ሴቶቻችንን አመከነች፤ ይህ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?» አልን፡፡ ግማሾቻችን ደግሞ «እዚህም እኮ እናቶቻችን ተሰልፈው ነው የሚወጉት፤ ማን አስገደዳቸው?» ስንል መለስን፡፡ ሻይ ቀዘቀዘ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ አንዱ ተነስቶ ወጣ (ተመልሷል)፡፡ ከዚያ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመርን፡፡ ባነበብን ቁጥር ሁለታችንም ወገኖች የተሳሳተ ጥያቄ ይዘን ስንጨቃጨቅ እንደነበር እየገባን መጣ፡፡

ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንናገርና ወደ ነገሩ እንግባ፡፡

በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ ለሀገሪቱ አራት የጤና መድን ድርጅቶች አንድ ደብዳቤ ጻፉ፡፡ ደብዳቤው የማህፀን ሐኪሞችን የሚመለከት ነበር፡፡ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነችም ሆነች ሌላ ማንኛዋም ሴት የሕክምናውን ውጤት ላትረዳ ትችላለች የሚል ስጋት ካለ፣ «ዴፖ ፕሮቬራ» የሚባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ አታድሱላት፤ ካስፈለገም አስተርጓሚ ጥሩ ይላል፡፡ ስለቀረበው ክስ ግን እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው አላለም፡፡ ዜናው በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በየመንገዱ ተንጠባጥቦ ቀረ፤ እኛ ጋ ሲደርስ «እስራኤል ኢትዮጵያውያንን ማምከኗን አመነች» ሆኖ ነበር፡፡

ማምከን የሚለው ቃል ልክ አይደለም፡፡ መርፌው ለሦስት ወር ነው የሚሠራው፡፡ ሲቆም ማህፀን ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ ፅንስ በአማካይ አሥር ወር ያህል፡፡ ይህንን የምንለው ማንንም ለመከላከል አይደለም፡፡ ቃሉ ሲጋነን ክሱ በቀላሉ ውድቅ ይሆናል፤ «ማንም አልመከነም» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል፡፡ ሴቶቹ ያሉት ግን ሌላ ነበር፡፡

ወደ ሴቶቹ ከመሄዳችን በፊት ከየት እንደመጡ እናስታውስ፡፡ ቤተ እስራኤሎች በጎንደርና በትግራይ መንደሮች፣ በአምቦበር፣ በወለቃና በሌሎችም ሲኖሩ የሴት ልጅ ደም የራሱ ሕግና የራሱ ቤት ነበረው፡፡ ከመንደሩ ወጣ ብሎ የመርገም ጎጆ የሚባል ነበር፤ ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ሰባት ቀን እዚያ ትቆያለች፡፡ ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከለላል፤ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ድንጋዩን አያልፍም፡፡ ስትወልድ ደግሞ የአራስ ጎጆ አለ፡፡ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን፡፡ የውጭ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው «ጭቆና!» ይላል፡፡ ሊሆን ይችላል፡፡ ግን ደግሞ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል መፍጨት የሌለበት፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ብቻ የሚያወሩበት ጊዜም ነበር፡፡ ስለ ማህፀን፣ ስለ ምጥ፣ ስለ መካንነት፣ ስለ ፅንስ መውረድ የሚወራው እዚያ ነው፡፡ ከወንድ ጋር አይወራም፡፡ ከባል ጋር እንኳ አይወራም፡፡

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፡፡ በግንቦት 1991 ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አንስቶ አሻገረ፤ አውሮፕላኑ ላይ ምጥ ይዟቸው የወለዱ እናቶች ነበሩ፡፡ ጠዋት በአንድ ዓለም፣ ማታ በሌላ ዓለም ማለት ይኸው ነው፡፡ በመቀበያ ማዕከላቱ ውስጥ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ እንጂ ጎጆ የለም፡፡ ድንጋዩ ቀረ፤ ሕጉ ግን ከሴቶቹ ልብ አልወጣም፡፡ ልጅ የሚወለደው በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ ብዙ ጊዜም በወንድ ሐኪም እጅ ሆነ፡፡ በጎጆው ውስጥ በሹክሹክታ ይወራ የነበረው ነገር አሁን በማይታወቅ ቋንቋ፣ በማይታወቅ ሰው ፊት፣ በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ መነገር አለበት፡፡

እዚህ ላይ አስተርጓሚው ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በብዙ ቤት ልጅ ነበር፡፡ ልጆች ቋንቋ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በዓመት ውስጥ የቤቱ አፍ ይሆናሉ፡፡ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ መሰል ቢሮ ሁሉ በልጅ በኩል ነው፡፡ ለመብራት ሂሳብ ችግር የለውም፡፡ አንዲት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ የማህፀን ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ግን ምን ይሆናል? ሐኪሙ በዕብራይስጥ «የወር አበባዋ በየስንት ጊዜው ይመጣል?» ይላል፡፡ ልጁ ቃሉን በአማርኛ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ለእናቱ አይለውም፡፡ «እማ፣ ደህና ነሽ ወይ? ነው የሚልሽ» ይላታል፡፡ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፡፡ ልጁ ዞሮ «በየወሩ ነው» ይላል፡፡ ሐኪሙ ይጽፋል፡፡ በፋይሉ ላይ የተጻፈው ፍጹም የተስተካከለ፣ ጥርት ያለ የሕክምና ታሪክ ነው፡፡ አንድም ቃል ግን ከእናትየው አልወጣም፡፡

አዋቂ አስተርጓሚ ሲገኝም ነገሩ ቀላል አይደለም፡፡ ከትግራይ ለመጣች ትግርኛ ተናጋሪ «ኢትዮጵያዊ ነው» ተብሎ አማርኛ ተናጋሪ ሲጠራላት አስቡት፡፡ ወንድ አስተርጓሚ ቢሆን ደግሞ ሴቲቱ ሁሉን ነገር «ሆዴን ያመኛል» ትለዋለች፡፡ በእኛ ቋንቋ ሆድ ምን የማይዝ ነገር አለ? ቁርጠትም ሆድ ነው፣ ኀዘንም ሆድ ነው፣ ማህፀንም ሆድ ነው፣ ምሥጢርም የሚቀመጠው በሆድ ነው፡፡ አስተርጓሚው ቃሉን በትክክል ይተረጉመዋል፤ ሐኪሙም የጨጓራ ኪኒን ያዝዛል፡፡

አሁን ወደ መርፌው፡፡

ዴፖ ፕሮቬራ ከእስራኤልም ከኢትዮጵያም በፊት የራሱ ታሪክ አለው፣ ያውም የሚያኮራ አይደለም፡፡ በአሜሪካ አትላንታ በሚገኘው ግሬዲ ሆስፒታል ከ1967 እስከ 1978 ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ድሃና ጥቁር፣ ለሙከራ ተወግተውታል፡፡ በዚያው በ1978 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለወሊድ መከላከያነት አልፈቅድም አለ፤ የፈቀደው በ1992 ነው፡፡ በ2004 ደግሞ መርፌው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት እንደሚያሳሳና ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይወሰድ የሚል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፡፡

በኢትዮጵያ ግን ታሪኩ ሌላ መልክ አለው፤ ጠረጴዛችን የተከፈለውም በዚህ ነው፡፡ የኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1966 ጀምሮ የወሊድ መከላከያ ለረጅም ዓመታት የጥቂት ከተሜዎች ነገር ነበር፡፡ በ2000 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ካገቡ ሴቶች ማናቸውንም መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በ2016 ቁጥሩ 36 በመቶ ሆነ፤ ከእነዚህ ውስጥ 23ቱ መርፌ ተጠቃሚዎች ናቸው፡፡ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ አሰማርቷል፤ መርፌውን ይዘው የሄዱትም እነሱ ናቸው፡፡ ሴቶቹ ለምን ወደዱት? ኪኒን በቤት ውስጥ ይታያል፤ ባል ያገኘዋል፣ አማት ታገኘዋለች፣ ይረሳልም፡፡ መርፌ ግን አይታይም፡፡ ገበያ ሄዳ፣ ተወግታ፣ ጨውና በርበሬዋን ገዝታ ትመለሳለች፤ ሦስት ወር ነፃ ናት፡፡ በዚያ ላይ ሕዝባችን በመርፌ ያለው እምነት የታወቀ ነው፡፡ ኪኒን ብቻ ሰጥቶ የሸኘ ሐኪም «ምንም አላደረገልኝም» ይባላል፡፡

ስለዚህ ከመካከላችን «ፈልገው ነው የሚወጉት» ያሉት ከሜዳ ተነስተው አልተናገሩም፡፡ ጎንደር ውስጥ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቁትን ሰዎች ያክም የነበረው የአሜሪካ አይሁድ የዕርዳታ ድርጅት፣ በአጭሩ ጆይንት የሚባለው፣ ያቀረበው መልስ ይኸው ነበር፡፡ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎቱ በፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ መርፌው በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሁሉም ተመራጭ ነው፤ ማንንም አላስገደድንም አለ፡፡

ታዲያ ክሱ ከየት መጣ? በ2009 ሐይፋ ከተማ የሚገኘው «ኢሻ ለኢሻ» የተባለው የሴቶች ማዕከል በሄድቫ ኢያል የተዘጋጀ ሪፖርት አወጣ፡፡ በሪፖርቱ በቀረበው መረጃ መሠረት መርፌውን ከሚወስዱት ሴቶች 57 በመቶዎቹ የኢትዮጵያ ተወላጆች ነበሩ፤ ከሀገሪቱ ሕዝብ ድርሻቸው ግን 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፡፡ ጥቂት ሰው አነበበው፣ ረሳው፡፡ በታኅሣሥ 2012 ጋዜጠኛ ጋል ገባይ በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን ጉዳዩን ይዛ ቀረበች፤ 35 ሴቶች ለፕሮግራሙ ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፡፡ ብዙ የሚወልድ ሰው እስራኤል ውስጥ ኑሮ ይከብደዋል፣ ቤት የሚያከራየው አያገኝም ተባልን አሉ፡፡ መርፌውን ካልወሰዳችሁ አትሄዱም፣ ሕክምናም አታገኙም ተባልን ያሉም ነበሩ፡፡ አንዳንዶቹ ደግሞ የተነገረን ክትባት ነው ተብሎ ነው አሉ፡፡

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ትናገራለችና፡፡

በአማርኛ መርፌ መርፌ ነው፡፡ የኩፍኝ ክትባትም መርፌ ነው፤ ፔኒሲሊንም መርፌ ነው፤ የወሊድ መከላከያውም መርፌ ነው፡፡ ወደ ውጭ ሀገር ለሚሄድ ሰው ክትባት ግዴታ መሆኑን ደግሞ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል፡፡ እንግዲህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ክሊኒክ፣ ምናልባትም በአንድ ሳምንት፣ አንዲት ሴት ለጉዞዋ የሚያስፈልገውን መርፌ ትወጋለች፤ ለወሊድ የሚሰጠውንም መርፌ ትወጋለች፡፡ የሚጠሯት፣ ስሟን የሚመዘግቡት ነጭ ለባሾች ከሚጓዙት ሰዎች ዝርዝር ጋር በሆነ መንገድ የተያያዙ ይመስሏታል፡፡ ነርሷ ምንም ክፉ ቃል ሳትናገር «ይህን ትወስጃለሽ?» ብትላት፣ ዓመታት በወረፋ የጠበቀች፣ ዘመዶቿ ቀድመው የሄዱባት ሴት ምን ብላ ትመልሳለች?

«እሺ» ትላለች፡፡

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያሉ ነው ያሳደጉን፡፡ እሺ ማለት ተስማማሁ ማለት ብቻ አይደለም፡፡ ሰማሁ ማለትም ነው፡፡ አከበርኩህ ማለትም ነው፡፡ ይህን ወሬ እንጨርስና ልሂድ ማለትም ነው፡፡ ታላቅ ወይም ባለሥልጣን ፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር ስለሆነ በእሺ እንሸፍነዋለን፤ ከዚያ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንቀራለን፡፡ ሀገር ቤት ሳለን ሁላችንም ይህን እናውቃለን፡፡ ባለሱቁ «ነገ አመጣልሻለሁ» ሲላት «እሺ» ያለችው ሴት ነገ እንደማይመጣ ታውቃለች፣ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል፡፡ አልፎ አልፎም እሺን በቃል እንኳ አንለውም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «ህእ» እንላለን፡፡ ፈረንጅ ሲሰማው የደነገጥን ይመስለዋል፡፡ መቅረት የሚቻልበት ቦታ ላይ ይህ ሁሉ ችግር የለውም፡፡ መጠበቂያ ጣቢያ ውስጥ ግን ቀጠሮ መቅረት አይቻልም፤ ከዝርዝር መውጣት አለና፡፡ ወይም አለ ብላ ትፈራለችና፡፡

ስለዚህ ነርሷ «ፈቅዳ ነው» ብትል እውነቷን ሊሆን ይችላል፡፡ ሴቲቱም «ተገድጄ ነው» ብትል እውነቷን ሊሆን ይችላል፡፡ ጭቅጭቃችን የተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነበር ያልነው ለዚህ ነው፡፡

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በክርክሩ ውስጥ ብዙም ሲነሳ አላየንም፡፡ መርፌው የደምን ሥርዓት ያዛባል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ ያለ ቀኑ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዓመት በኋላ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሴቶች ላይ ጨርሶ ይቆማል፡፡ ለሐኪም ይህ ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ እንዲያውም «ተገላገልሽ» ይላታል፡፡ ቀኖቿን በደም ስትቆጥር ላደገች፣ ንጽሕናዋና ከሰው መቀላቀሏ በዚያ ለሚወሰን ሴት ግን ምንድን ነው? ጠብ ባለ ቁጥር መርገም ውስጥ ናት ወይስ አይደለችም? ሲቆምስ ደሙ የት ሄደ? ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ቤተ እስራኤል ያልሆኑ እናቶችም እዚህ ይጠይቁታል፤ ያልወጣ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ በሽታ ይሆናል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው፡፡ መልሱ ቀላል ነው፤ መርፌው የማህፀኑን ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚወጣ ደም አይኖርም፣ የሚጠራቀምም የለም፡፡ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፡፡ ግን የሚነግራት ሰው ጥያቄው መኖሩን ማወቅ አለበት፤ እሷ በራሷ አታነሳውም፣ በልጇ ፊትማ በፍጹም፡፡

በ2016 የእስራኤል መንግሥት ዋና ኦዲተር ጉዳዩን መርምሮ፣ መርፌው በግልጽም ሆነ በስውር ጫና ወይም ማስፈራራት ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም ሲል ሪፖርት አወጣ፡፡ ክሱን ያነሱት ሰዎች ግን በዚህ አላመኑም፡፡ በወረቀት ደረጃ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፡፡ «የመግባባት ችግር ነበር እንጂ ጥፋት አልነበረም» የሚለው አባባልም እየተደጋገመ መጣ፡፡

«የመግባባት ችግር»፡፡ ይህን ቃል ስንሰማ ሌላ ፋይል ትዝ አለን፡፡ ስለ ሀበሻ አይደለም፤ ግን ስደተኛ ሴት፣ ሐኪምና ወረቀት በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከእሱ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘንምና ወደ ሎስ አንጀለስ እንሻገር፡፡

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ትልቁ ሆስፒታል ለመውለድ የገቡ የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች፣ ብዙዎቹ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ፣ ልጃቸው በቀዶ ጥገና ሲወለድ የማህፀን ቱቦቸው እየተቋጠረ ይወጡ ነበር፡፡ ይህ እንግዲህ በትክክል ማምከን ነው፡፡ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፡፡ ፊርማው የሚጠየቀው ምጥ ላይ ነው፡፡ አንዳንዶቹ የሆነባቸውን ያወቁት ብዙ ቆይተው፣ የወሊድ መከላከያ ሊጠይቁ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነው፡፡ በርናርድ ሮዘንፌልድ የተባለ ወጣት ሐኪም ከውስጥ ሆኖ ማስረጃውን አወጣ፡፡ በ1975 አሥር ሴቶች፣ ዶሎሬስ ማድሪጋል የተባለችው ስሟ በቅድሚያ ተጽፎ፣ ክስ መሠረቱ፡፡ ከጠበቆቻቸው አንዷ አንቶኒያ ሄርናንዴዝ ገና ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣች ወጣት ነበረች፡፡

ጠበቆቹ አንድ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በምስክርነት አቀረቡ፤ ካርሎስ ቬሌዝ ይባላል፡፡ ለእነዚህ ከገጠር ለመጡ ሴቶች መውለድ አለመቻል ምን ማለት እንደሆነ፣ በትዳራቸውና በማኅበረሰባቸው ውስጥ ምን ያህል እንዳጎደላቸው አስረዳ፡፡ ለሴቶቹ የሚጠቅም ምስክርነት ነበር፡፡ ዳኛው ጄሲ ከርቲስ በ1978 ውሳኔ ሲሰጡ ግን ገለበጡት፡፡ ጉዳቱ እንዲህ የከበደው በሴቶቹ የተለየ ባህል ምክንያት ነው፤ ሥራ የበዛበት የከተማ ሆስፒታል ሐኪም ደግሞ ይህን ባህል ሊያውቅ አይጠበቅበትም፤ በሁለቱ መካከል የነበረው የመግባባት መቋረጥ ነው አሉ፡፡ ሴቶቹ ተረቱ፡፡

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ «ባህልህን ባታስረዳ አታውቅም ይሉሃል፣ ብታስረዳ በራስህ ምላስ ያስሩሃል» አለ፡፡ ስድብም ጨምሮበታል፤ አንጽፈውም፡፡

ቢሆንም ከፍርድ ቤቱ ውጭ የተለወጠ ነገር አለ፡፡ በ1978 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ደንብ በመንግሥት ገንዘብ ለሚደረግ ማምከን ሴቲቱ ከፈረመች በኋላ 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ እንዲሆን፣ ቋንቋውን ካልቻለች አስተርጓሚ እንዲቀርብላት፣ ምጥ ላይ ሳለች ፊርማ እንዳይወሰድ ደነገገ፡፡ ማለትም «መግባባት» የሚባለው ነገር የሐኪሙ ቸርነት መሆኑ ቀርቶ የሥራው ክፍል ሆነ፡፡ በተግባር ስንት ቦታ እንደተጣሰ ሌላ ወሬ ነው፡፡

እስራኤልም ሕግ አልጎደላትም፤ ይህንን መናገር ተገቢ ነው፡፡ የታካሚዎች መብት ሕግ የወጣው በ1996 ነው፤ ማብራሪያው ታካሚው በተቻለ መጠን ሊረዳው በሚችል መንገድ ይሰጥ ይላል፡፡ የሚገርመው ዓመቱ ነው፡፡ በዚያው በ1996 ጥር ወር ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል እንደነበር አንድ ጋዜጣ አጋለጠ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው በኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝ በተነው፡፡ እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሐኪም «እመኑኝ» ሲል የሚያምን ስንት ሰው ይኖራል? የሴቶቹን ቃል በ2012 የሰማ ማኅበረሰብ ወዲያው ያመነው ለምን ይመስላችኋል? ደሙን አስታውሶ ነው፡፡

ሥራ የሠሩም አሉ፡፡ «ጠነ ብሪዑት» የሚባል ድርጅት ከ1998 ጀምሮ የጤና ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ ቆይቷል፡፡ በየክሊኒኩ ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞች ተቀጥረዋል፤ በዕብራይስጥ «መገሸር» ይሏቸዋል፣ ድልድይ የሚዘረጋ እንደ ማለት፡፡ በ2011 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴሩ ሆስፒታሎችና የጤና መድን ድርጅቶች አገልግሎታቸውን በቋንቋም በባህልም ለታካሚው የሚመች እንዲያደርጉ መመሪያ አወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2013 ነው፡፡ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ነውር መሆኑ በወረቀት ላይ የሰፈረው በዚህ ዘመን ነው፡፡ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረው ግን ጺም አውጥቶ ነበር፡፡

ለማንኛውም፣ ጭቅጭቃችን ያለቀው በወረቀቱ አልነበረም፡፡ ከመካከላችን የአንዷ እናት ጎንደር ውስጥ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርተዋል፤ ሥራቸው ከእስራኤል ጉዞ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ተራ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነበር፡፡ በስልክ ደውለን «እትዬ፣ መርፌውን ስትሰጡ መስማማቷን በምን ታውቁ ነበር?» አልናቸው፡፡ ሳቁብን፡፡

«ገባሽ ወይ? ብዬ አልጠይቅም» አሉ፡፡ «ገባሽ ካልኳትማ እሺ ትለኛለች፡፡ እኔ የምላት ‹ቤት ስትገቢ እናትሽ ምን ሰጡሽ ብትልሽ ምን ትያታለሽ?› ነው፡፡»

«እና ምን ይሏችኋል?»

«አብዛኞቹ ደህና አድርገው ይነግሩኛል፡፡ አንዳንዷ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳስረዳት እሺ፣ እሺ ስትለኝ ቆይታ ‹ክትባት ተከተብኩ እላታለሁ› ትለኛለች፡፡»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መርፌውን መልሼ አስቀምጣለሁ፡፡ ወንበሩን እስብና እንደገና ከመጀመሪያው፡፡»